እንግዳው ገና እየበላ ነው

ዛሬ ቅዳሜ፣ ሐምሌ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ሰዓቱን በትክክል የማሰፍረው፣ ነገ «ሽማግሌው በንዴት የጻፈው ነው» የሚል እንዳይነሣ ነው። ንዴቴ በርዷል፤ አቋሜ ግን እንደነበረ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ማርቆስና ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ ከግቢዬ ከወጡ አንድ ሰዓት አልሞላቸውም። ይዘውት የመጡት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ሁለት የሰዋስው ስሕተትና አንድ ጊዜ ብቻ መባል ሲገባው ሦስት ጊዜ የተባለ ነገር አግኝቼበት በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ። አልፈረምሁበትም። ወረቀቱ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ማንኛውም የእድሩ አባል የማያውቀውን ሰው ቤቱ ከማስገባቱ በፊት መታወቂያውን አይቶ ከታች ባለው ሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ ይህን የማይፈርም አባል ከእድሩ ይሰረዛል። ሠንጠረዡ አራት ዓምድ አለው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት ቦታ፣ ሥራ። ዓይኔ አራተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ልቤ ግን አልቆመም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ።

አስቀድሜ ግን ከእድር መሰረዝ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር፤ ነገሩን አቅልዬ እንዳየሁት እንዳይቈጠር። ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነው ነበርና፣ በዚያ ቀን ጡሩንባ ያስነፋው፣ ድንኳን የተከለው፣ አስከሬኗን በትከሻው የተሸከመው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠው ይኸው እድር ነው። ካቶሊኩም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም በአንድ ድንኳን ሥር ነበሩ። ያን ውለታ የረሳ ሰው አይደለሁም። ሰማንያኛ ዓመቴን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኛል፤ ከእንግዲህ እድር ለእኔ የሚያደርግልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መቅበር ነው። እንግዲህ ዛሬ «ፈርም፣ አለዚያ ትሰረዛለህ» የተባልሁት ይህን እያወቁ፣ እኔም እያወቅሁ ነው።

ልቤ በሄደበት በዚያ ዘመን እኔ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ለመድረስ ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። አውቶቡሱ ሽቅብ ሲወጣ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ ጎማው ኋላ ኋላ ይከተላል፤ ሞተሩ ከደከመው ድንጋዩን ያስደግፈዋል። ሱሪዬ ከጉልበት በታች እንደ ቃጭል የሰፋ ነበር፤ የሸሚዜ ኮሌታ ትከሻዬ ላይ ይደርስ ነበር፤ አፍሮዬን በበሩ ጉበን ሳላስነካ ለመግባት አንገቴን እሰብራለሁ። የዛሬው መናኸሪያ ባለበት ሳይሆን ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በዐሥራ አምስት። ባለቤቷ ትራንዚስተር ሬዲዮዋን በዳንቴል ሸፍና መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ዘፈን ሲጀምር ዳንቴሉን ትገልጣለች፤ ዜና ሲመጣ መልሳ ትሸፍነዋለች። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ ባጃጆች ተደርድረው የሚያሰሙት ጩኸት ሙዚቃ ይሁን ዜና ለመለየት አልቻልሁም። ከሻይ ቤቷ ተነሥቶ ወደ ሀቢቾ አቅጣጫ፣ ወደ አባቴ መንደር፣ በእግር መሄድ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ለአባቴ መነጽር፣ ለእናቴ ሻሽ፣ ለራሴ ደግሞ አንድ ጥቅል ወረቀት ነበረኝ፤ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት መምህራችን «በክረምቱ አርባ ቤተሰብ መጠይቅ ሞልታችሁ ኑ» ብሎ የሰጠን። የመጠይቁን ዓምዶች በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት ቦታ፣ ሥራ። በዚያ ክረምት እኔን የሚያህል አዋቂ በወረዳችን በጎምቦራ ምድር አልነበረም።

አባቴ ካቴኪስት ነበር፤ ካህን በማይመጣበት እሑድ ምእመኑን ሰብስቦ ጸሎት ይመራል፣ ሕፃናት ያስተምራል። ቤታችን የአገራችን ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ በአንድ ወገን ከብቶች፣ በሌላው ወገን እኛ፣ በመካከሉ እሳት። ከምሰሶው አጠገብ ያለው ቦታ የእንግዳ ነው። የልማዱ ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ ድምፁን ሲያሰማ ግባ ይባላል፤ ውሃ ይቀርብለታል፤ ይበላል። እስኪበላ ድረስ ማንም ሰው «ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ የማን ወገን ነህ» ብሎ አይጠይቀውም። ስለ ዝናብ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ይወራል። በልቶ እጁን ሲታጠብ ነው አባወራው «እንግዲህ ከየት እንበል?» የሚለው። ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት የነበረ ነው፤ አያቴም ጠብቆታል። አባቴ የክርስቲያን ምግባር ነው ብሎ ሲያስተምረው እኔ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና፣ «ለገጠር ኑሮ የሚመጥን ደኅና የማኅበራዊ ዋስትና ዘዴ» እለው ነበር። እንደዚያ ያለ ሐረግ ከአፌ ሲወጣ ያልቀጣኝን አባቴን አሁን አመሰግነዋለሁ፤ ቅጣቱ በሌላ መንገድ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንዲህ እንደ ዛሬው የሐምሌ ዝናብ ሲያንዶቀድቀው፣ አንድ መንገደኛ በራችን ላይ ቆመ። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፤ በቅጠል የተሸፈነ ጥቅል በጀርባው ይዟል። አባቴ «ግባ፣ ግባ፣ ዝናብ ለማን ያዝናል» አለው። ሰውዬው ግን ከደፉ አላለፈም፤ እዚያው ቍጢጥ አለ። አባቴ ክንዱን ይዞ ምሰሶው አጠገብ አስቀመጠው። እናቴ እንግዳ ስለሆነ ያላትን ምርጥ አቀረበች፤ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና፣ በሸክላ ጣባ፣ ቅቤው ገና እየፈላ። ሰውዬው እጁን ታጠበ። እኔ ማዶ ተቀምጬ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ቤተሰብ ሞልቻለሁ፤ አንድ ቀርቶኛል። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤ እስክሪብቶዬን ከፈትሁ።

«ስም?» አልሁት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ሰውዬው ስሙን ተናገረ፤ ጻፍሁ።

«የአባት ስም?»

ተናገረ፤ ድምፁ ግን ቀነሰ። የመጣበትንም ቦታ ተናገረ።

«ሥራ?»

ዝም አለ። ያልሰማኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃሉን ለይቼ፣ ለተማሪ እንደሚባል ደገምሁለት፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሰውዬው አባቴን አየ፤ ከዚያ ጣባውን አየ፤ ከዚያ ተነሣ። ጥቅሉን አንሥቶ፣ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ፣ «ጌታ ይስጥልኝ፤ ጠግቤአለሁ» ብሎ ወደ ዝናቡ ወጣ።

አባቴ ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ተከተለው። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። እናቴ ናት ዝቅ ባለ ድምፅ የነገረችኝ፦ «እጁን አላየህም? ጥፍሩ ሥር ያለውን ጭቃ? ሸክላ ሠሪ ነው።» የዚያን ዘመን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች በመካከላችን ይኖሩ ነበር፤ ድስታቸውን እንገዛለን፤ እነሱን ግን ቤታችን አናስገባም፣ ከእነሱ ጋር አንበላም፣ አንጋባም። የሚጠሩበትን ስም አልጽፈውም፤ ስድብ ነውና። ያ ጣባ፣ ሰውዬው ሊበላበት ያልቻለው ጣባ፣ የወገኖቹ የእጅ ሥራ ነበር። ሥራውን ቢናገር ምግቡ ይነሣበታል ብሎ ፈራ፤ ቢዋሽ ደግሞ በሰው ቤት ዋሽቶ መብላት አልሆነለትም። እኔ በአንድ ቃል በሁለቱም መካከል አስገባሁትና መውጫውን በር ብቻ ተውሁለት።

አባቴ ብቻውን ተመለሰ፤ ውሃ ከጺሙ ይንጠባጠባል። ሰውዬው እንቢ እንዳለው ከፊቱ ተረዳን። እሳቱ ዳር ተቀመጠና ጣባውን ወደ እኔ ገፋው።

«ብላ» አለኝ።

እጄን ስዘረጋ፣ «ስም?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። «አባባ...»

«ስምህን ነው የጠየቅሁህ።» ተናገርሁ። «የአባት ስም?» የራሱን ስም ነገርሁት። «ሥራ?»

«ተማሪ ነኝ።»

«ሥራ ነው ያልሁህ። ተማሪነት የአባት ቆጮ መብላት ነው።»

እጄ ጣባው ላይ እንደ ተዘረጋ ቀረ። አባቴ አልጮኸም፤ ሰድቦኝም አያውቅ። እንዲህ ብቻ አለ፦ «እጁን ያላየሁ መሰለህ? ገና ደጅ ሳለ አይቼዋለሁ። አውቄ ነው ያልጠየቅሁት። ከምግብ በፊት የሚመጣ ጥያቄ በር መዝጋት ነው፤ እንግዲህ ዛሬ በሬን ልጄ ዘጋብኝ።» አታካናውን የበላው ማንም የለም። አርባኛው መጠይቅ ከነባዶ ዓምዱ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ተመለሰ፤ መምህሬም በአናቱ ላይ «ያልተሟላ» ብሎ ጽፎ ነጥብ ቀነሰብኝ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ እርማቶች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲውን ጨረስሁ፣ ሒሳብ አስተማርሁ፣ ርእሰ መምህር ሆንሁ፣ መንግሥት ሲሄድና ሲመጣ አየሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። ሆሳዕና ላይ ቤት ስሠራ ግንበኛው ገርሞት የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ በመንገዱ በኩል ለብቻዋ የምትከፈት ክፍል ለምን አስፈለገችህ ብሎ። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ጠረጴዛና ወንበር አሉባት። መናኸሪያው ቅርብ ነው፤ መኪና ያመለጠው፣ ለሕክምና መጥቶ ማደሪያ ያጣ፣ ዘመድ አገኛለሁ ብሎ ያላገኘ፣ ስንቱ አርፎባታል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «የአንተ ቤት የመናኸሪያው ቅርንጫፍ ነው» ትለኝ ነበር፤ ቆጮውን ግን የምታቀርበው እሷ ነበረች። አሁን እኔው ነኝ የማቀርበው፤ አሠራሬም አያስመሰግንም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ ልማዴ ሻይ ለመጠጣት መናኸሪያው ዳር ወጣሁ። አንድ ሰውዬ በግድግዳው ጥግ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል፤ የፕላስቲክ ጫማው በጭቃ ተለብጧል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም፤ ልመናም አያውቅበት» አለኝ። «ና እንብላ» አልሁት፤ መጣ። በዚያችው ክፍል ቆጮውን በጎመን አቅርቤለት ገና ጥቂት እንደ ጐረሰ በሩ ተንኳኳ። ማርቆስና እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ። ማርቆስ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ደኅና ሰው ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ እኔው አስተምሬዋለሁ፤ «መምህር በለኝ» እያልሁ ስንት ዓመት ባርመውም እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። እትዬ ወርቅነሽ ግን ወረቀቱ የተጻፈበት ምክንያት ናት። በሰኔ ወር አንዲት ወጣት ከዝናብ አስገብታ አሳድራ ነበር፤ ልጅቱ ስትሄድ ስልኳንና የሟች ባሏን ካፖርት ይዛ ሄደች። ካፖርቱ ነው ያስለቀሳት።

ማርቆስ ወረቀቱን አስነብቦኝ፣ በክፍሏ በር በኩል አጮልቆ አየና፣ «ቲቸር፣ ሰውዬው ማን ነው?» አለ።

«አላውቅም።»

«ከየት መጣ?»

«አልጠየቅሁትም። እንግዳው ገና እየበላ ነው።»

«ይኸው! ይኸው እኮ ነው ችግሩ!» ብሎ ወደ እትዬ ወርቅነሽ ዞረ። «ዛሬ ጊዜው የእርስዎ ጊዜ አይደለም ቲቸር።»

«የማን ነው? ርክክብ ተደርጎ ከሆነ ደብዳቤው አልደረሰኝም።»

እትዬ ወርቅነሽ አቋረጠችን። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ቀላል ነው» አለች። «እርስዎ ምን ይሰረቅብዎታል? ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ቢያስሸክሙት እንኳ ሌባው ሆሳዕና ዳር ሳይደርስ ጥሎት ይሄዳል። እኔ ግን የባለቤቴን ሽታ ነው የተሰረቅሁት። ካፖርቱ እሱን እሱን ይሸተኝ ነበር።» እሷን የሰረቀች ልጅ እንግድነትን ራሱን ሰርቃለች፤ ይህን የማላይ ዕውር አይደለሁም። ግን አንድ ሌባ በገባበት በር ስንቱ እውነተኛ ችግረኛ እንደሚገባ የሚያውቅ፣ በሩን አይነቅለውም።

«ማርቆስ» አልሁት፣ «መታወቂያው ታይቶ፣ ወገኑና ሥራው ተመዝግቦ የሚገባ ሰው እንግዳ አይባልም፤ የተጋበዘ ነው የሚባለው። መጋበዝ ጥሩ ነገር ነው፤ አረማውያንም ያደርጉታል። አንተም እኔም በፍርድ ቀን የምንጠየቀው ተቀበልን ወይስ አልተቀበልንም ተብለን ነው፤ ቅጽ ሞላን ወይስ አልሞላን የሚል ዓምድ እዚያ የለም።»

«እሱማ እውነት ነው። ግን ቲቸር፣ ነገ ስምዎ ቢሰረዝ ማን ይቀብርዎታል?» ይህን ሲል ድምፁ አልዛተም፤ ለምኖኛል ማለት ይቻላል። «እኔ የእርስዎን ስም በእጄ መሰረዝ አልፈልግም።»

«ወንጌሉ ውስጥ ለእንግዶች መቃብር የተገዛ መሬት አለ፤ ከማን እንደ ተገዛ ታስታውሳለህ? ከሸክላ ሠሪ። አባቴ አንድ እሑድ ያን ምዕራፍ ሲያነብ ያን ቃል ሁለት ጊዜ ደግሞ አነበበው። እኔንም የሚቀበል መሬት አይጠፋም።»

በዚህ መካከል እንግዳው በክፍሏ በር ላይ ቆሞ አየነው። ሁሉንም ሰምቷል። ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ መታወቂያው በእጁ ነው። ቀኝ እጁ ገና ቆጮ ይዟል። «ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት አይጣሉ» አለ። «ይኸው፤ ይዩት።»

ማርቆስ እፎይ አለ። እጁን ዘረጋ። ነገሩ በዚያች ቅጽበት ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ካርዱ ይታያል፣ ሠንጠረዡ ይሞላል፣ እኔም በእድር ድንኳን ሥር እቀበራለሁ። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ በሁለቱ እጆች መካከል ቆምሁ።

«ቁጭ በል» አልሁት እንግዳውን። «አልጨረስህም።»

«ግን ጋሼ...»

«ካርድህን ኪስህ ክተት። በዚህ ቤት መጀመሪያ ይበላል።»

ሰውዬው ማርቆስን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ማርቆስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ «ነገ በስምንት ሰዓት ስብሰባ ነው» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። እትዬ ወርቅነሽ ተከተለችው።

ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ግን በሩ እንደገና ተንኳኳ። እትዬ ወርቅነሽ ናት፤ በቅጠል የተሸፈነ ሰሃን ይዛለች። አይብ ነው፤ በቅቤና በኮረሪማ ያበደ። «ለእንግዳው ነው» አለች። «ቆጮ ያለ አይብ የሚያቀርቡት ለጠላትዎ ነው እንዴ?» ሰሃኑን ሰጠችኝና ደፉ ላይ ቆመች። «ነገ ግን እጄን አወጣብዎታለሁ ጋሼ። ከአሁኑ ይወቁት።» «ቀጥ አድርገሽ አውጪው» አልኋት። ሣቀች ልል ፈለግሁ፤ እርግጠኛ ስላልሆንሁ አልልም።

እንግዳው አይቡን ከቆጮው ጋር ጨረሰ። ውሃ አፈሰስሁለት፤ እየታጠበ ሳልጠይቀው ስሙን ነገረኝ፤ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ይህ ጽሑፍ ሠንጠረዥ አይደለምና። አሁን ተኝቷል።

ያልተቋጨው ይህ ነው። ሰውዬው ተመልሶ ሲቀመጥ፣ የቀረውን የበላው ርቦት ይሁን እኔን ፈርቶ አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልደፈርሁም። ነገ በስምንት ሰዓት እድሩ ይሰበሰባል። ወረቀቱን የምመልሰው የታረመ እንጂ የተፈረመ አይደለም። ስሜ ይሰረዝ ወይም ይቆይ፣ ማን እንደሚቀብረኝ እስከዚህ ሰዓት ድረስ አልታወቀም።